ለሰርቨር ለቅሶ የተቀመጥን ሰሞን

መርሳ ካለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። እናቴ ስለሱ ያላት እውቀት አጭር ነው፤ ፊቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ከበራች አባቴ አለ፣ ካልበራች የለም። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እሷ ግን መብራቷን ሳታይ ከቤት አትወጣም።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ወልድያ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ያረጁ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያወጣ ነው። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ ሰው ሁሉ «እሱ ከገዛው አንድ ነገር ቢያውቅበት ነው» ብሎ ይጠረጥራል ብዬ ነበር፤ ሆኖም ከኔ በቀር የተጫረተ የለም። ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ አስገባሁበትና የቤታችን ሰርቨር ብዬ ሾምኩት። ሰርቨር በኛ ቤት አተረጓጎም ጎተራ ነው። ፎቶው፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ ፊልሙ፣ እኔ ብቻ የምፈልገው ኮተት ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ቴሌቪዥኑም ስልኬም ከዚያ እየቀዱ ያሳዩናል። አንዱ ዲስክ ላይ የገባው ነገር ወዲያው ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ነው።

እናቴ ኮምፒውተሩ በገባ ማግስት ዳንቴል አለበሰችው። አየር ማስወጫው ስለሚታፈን እንደ ትኩሳታም ልጅ ይግል ነበር። ዳንቴሉን ባነሳሁ ቁጥር «ራቁቱን ልታስቀምጠው ነው?» ትለኛለች። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ተስማማን፤ ፊቱ ይሸፈናል፣ ጀርባው ይራቆታል።

እናቴ ከዚህ ሁሉ ጎተራ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ሐራ ገበያ ወርደን ፍየል ሲገዛ ድምፁን በስልኬ ቀድቼው ነበር። አባቴ ገበያ ላይ የታወቀ ሰው ነበር፤ በመግዛት ሳይሆን በመከራከር። የቀዳሁት ለሳቅ ነው፤ እሱ ሳያውቅ ስልኩን ኪሴ ውስጥ አድርጌ። ቅጂው የሚጀምረው፣ «ይቺ ፍየል ናት ወይስ የፍየል ፎቶ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

«ኧረ አባባ፣ ወላሂ መንታ ይዛለች!» ይላል ሻጩ።

«የያዘችው ነፋት ነው። ወላሂህን ለቂያማ ቀን አቆያት፤ እዚያ ታስፈልግሃለች።»

ከዚያ በኋላ የፍየሏን ጥርስ ይሰድባል። የፍየሏን እናት ይሰድባል። ሻጩ «አንቱ ሰው፣ ፍየሏን ሳይሆን እኔን እኮ ነው እያረዱ ያሉት!» እያለ ይስቃል። አባቴ ጥሎ ይሄዳል፣ ይጠራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። በመጨረሻ ሻጩ ለፍየሏ ሳይሆን ለራሱ አዝኖ ይሸጥለታል። ፍየሏ ከተበላች ቆየች፣ አባቴም ከሞተ ቆየ፣ ክርክሩ ግን እስካሁን አለ።

እናቴ ጁምዓ ጁምዓ፣ እኔ ከሥራ ስገባ፣ የማታ ሶላቷን ሰግዳ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥና «ክፈትልኝ» ትለኛለች። ሁልጊዜ የምትስቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንዳንዴ ትመልስለታለች፤ «ውሸትህን ነው፣ ደህና ፍየል ነበረች!» ትለዋለች። ደግሞ ታማርረዋለች። «የሰው ባል ቁርኣን ሲቀራ ድምፁ ይቀመጣል፤ የኔው ፍየል ሲሰድብ ተቀመጠልኝ» ትላለች። በስልክ ለዘመድ ልላከው ስላት አጥብቃ ከለከለችኝ፤ ሰፈሩ እንዲስቅበት አትፈልግም። ጎረቤቶቻችን ግን ቤታችን እየመጡ ሰምተውት በቃላቸው ይወጡታል፤ እሱን እንደ ሳቅ አትቆጥረውም፤ ከሷ ጋር ነዋ የሚስቁት።

ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ከቤት የወጣነው እንደነበርን ነው። እኔ ሁለቱን ዲስኮች ነቅዬ ይዤ ልወጣ ስል እናቴ ቀማችኝና በፌስታል ጠቅልላ ጓሮ ካለው የኩበት ክምር መሀል ቀበረቻቸው። «ከሰው ላይ የሚወሰድ ይወሰዳል፣ ኩበት የሚዘርፍ ጦር ግን እስካሁን አልተፈጠረም» አለች። እውነቷን ነበር። አባቴ የተቀዳበትን ስልኬን መንገድ ላይ ተቀማሁ። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ከቡፌው ውስጥ ሳህን የለም፣ ዳንቴሎቹ እንኳን የሉም። ባዶው ኮምፒውተር ጓሮ ተጥሎ አገኘነው፤ ዘራፊዎቹም እንደ ጨረታው ሰዎች አልፈለጉትም። ዲስኮቹ ግን ኩበት ኩበት እየሸተቱ ወጡ፤ ሌላ ቴሌቪዥን እንደገዛን አባቴም ፍየሏን መስደቡን ካቆመበት ቀጠለ።

እንግዲህ እናቴ ከጦር ያተረፈችውን ሰውዬ እኔ በአንድ ቅዳሜ በአፕግሬድ ጨረስኩት።

ሰርቨሩ ይሠራ ነበር። ግን ስከፍተው ጥግ ላይ ቢጫ ማስታወቂያ እየወጣ «አዲስ ሥርዓት መጥቷል፣ የያዝከው አርጅቷል» ይለኝ ጀመር፤ ሥርዓት የሚለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውንና የሚያዘውን ፕሮግራም ነው። መሥሪያ ቤት ያሉ ባልደረቦቼም «አንተ እስካሁን በዚያ ነው የምትሠራው?» ብለው ሳቁብኝ። ለእናቴ ልቀይረው እንደሆነ ስነግራት «ይሠራል?» አለች። ይሠራል አልኳት። «ታዲያ ምን አደረገህ?» አለችና፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን እንደሚሻል አስታወሰችኝ። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ፤ ባለሙያ ደግሞ የእናቱን ምክር የሚሰማው ካበላሸ በኋላ ነው።

በደንቡ ነው የጀመርኩት። መብራት ድንገት ቢሄድ ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆየኝ ዩፒኤስ አለኝ፤ ይሄ እንደ ጡብ የሚከብድ ባትሪ ነው፣ ቡፌው ጀርባ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሙሉ መሆኑን ሳላይ «ሙሉ ነው» ብዬ አፕግሬዱን አስጀመርኩት። መስመሩ እየሞላ፣ እየሞላ ሄዶ ግማሹን እንዳለፈ መብራት ሄደ። አልደነገጥኩም፤ ዩፒኤሱ አለ። ዩፒኤሱ አንዴ ጢጥ አለ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ።

ቡፌውን ጎትቼ ጀርባውን ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። በኛ ሰፈር ባትሪ ያለው ቤት እንደ ምንጭ ነው፤ ቀድተህ ሂድ እንጂ አትቅዳ አይባልም። መብራት በሄደ ቁጥር ጎረቤት ስልኩን እኛ ቤት ይሰካል። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው የእናቴ ባልንጀራ፣ ክርስቲያኗ ጎረቤታችን፣ የቤተሰቡን ስልክ በሙሉ ሰፌድ ላይ ደርድራ ነው የምታመጣው። በዚያ ሳምንት መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ስለሰነበተ ዩፒኤሱ ላይ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቶ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተንጠልጥሏል። ከስልኮቹ መሀል የባሏ ፂም መላጫ ማሽንም አለ። ባትሪዬን ጠጥተው የጨረሱት እነሱ ናቸው። ስልኮቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ።

መብራት የመጣው አስር ሰዓት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ማራገቢያው ነፋ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጫጭ ፊደላት ወጡና የሚያስነሳው ሥርዓት እንዳጣ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና ነገሩኝ። ደግሜ አጥፍቼ አበራሁት። ያንኑ ደገሙልኝ።

እናቴ ከበሩ ላይ «አባትህስ?» አለች።

ላረጋጋት ሞከርኩ። ሥርዓቱ ያለበት ትንሽ ዲስክ ለብቻው ነው፣ አባቴ ያለባቸው ሁለቱ ትልልቆቹ ደግሞ ለብቻቸው። «ጎተራው ደህና ነው፤ የሞተው ቁልፍ ያዡ ነው» አልኳት።

«ቁልፍ ያዡ ከሞተ ጎተራውን ማን ይከፍተዋል?»

«እኔ።»

ዓይኗን ከላይ እስከ ታች አዞረችብኝ። «በል እንግዲህ አላህ ይርዳን» ብላ ወጣች።

እሁድ ጠዋት ስልኮቿን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤታችን ነገሩን ሰማች። ያጠፋችው እሷ እንደሆነች ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ደረሰችበትና ሰፌዷን እንደያዘች እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ «እኔ ልሙት! እኔ ልደፋ!» ማለት ጀመረች። ከዚያ ወጥታ ለሰፈሩ ነገረች። ምን ብላ እንደነገረች አላውቅም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን የሰፈሩ ሰው በየተራ እየገባ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥ ጀመር። በኛ አገር ክፉ ነገር ከሰማህ መጀመሪያ ሄደህ ትቀመጣለህ፤ ምን እንደሆነ የምትጠይቀው ከተቀመጥክ በኋላ ነው። እስላሙ «አላህ ያፅናሽ»፣ ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ እናቴን ጨበጣት። እሷም እንደ ሐዘንተኛ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። አንዷ ንፍሮ ይዛ መጣች። ለሰርቨር ንፍሮ የበላ ቤት ከኛ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ጎረቤታችን ጭራሽ «ቅሬው ይጠራ ወይ?» አለች። ቅሬ ሰፈሩ የሚቀበርበትና የሚያስተዛዝንበት ማኅበራችን ነው፤ ድንኳኑም ሳህኑም የሱ ነው። አንድ ሰውዬ ሰው አንዴ ነው የሚሞተው፣ አባወራው ደግሞ በወቅቱ ድንኳን ተተክሎለታል፣ ሁለተኛ ድንኳን ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ተከራከረ። ሌላው ድምፅ ከሰውየው ጋር ስላልተቀበረ አዲስ ሞት ነው አለ። ያን ክርክር አባቴ ቢሰማው ኖሮ ለብቻው ይወጣው ነበር።

እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን ፊቴ፣ ኪቦርዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዲሱን ሥርዓት ከፍላሽ እየጫንኩ ነበር። የሙያችን ሕግ ግልጽ ነው፤ ሥርዓት ስትጭን መነካት የሌለበትን ዲስክ አስቀድመህ ንቀል። ይሄን ለሰው ሳስተምር ጠረጴዛ እየደበደብኩ ነው። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው ንፍሮ እያኘከ ያየኛል፤ ብሎን ስፈታ መዋል ዕውቀት ማጣት መሰለኝና ሳልነቅል ገባሁበት።

ፕሮግራሙ ሦስቱንም ዲስኮች ደርድሮ የትኛው ላይ ልጫን ብሎ ጠየቀኝ። አንዱን ጠቆምኩ። «ይህ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ነው፤ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። መጠኑን ሳየው ትልቅ ነው። ከአባቴ ዲስኮች አንዱ ነው! እጄ ወደ ኋላ ሊመልሰኝ ወደሚችለው ቁልፍ ሲሄድ የሰፈራችን ሸህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሸሁ ትልቅ ሰው ናቸው። ዱአ ሊያደርጉ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ መዳፉን ይዘረጋል። እጁን ኪቦርድ ላይ አድርጎ ዱአ የሚቀበል ልጅ እናቴ አልወለደችም። እኔም ዘረጋሁ።

«ያ ረቢ! የጠፋውን መልስ!»

«አሚን!»

«የተበላሸውን ጠግን!»

«አሚን!»

«ለዚህ ልጅ ደግሞ ማስተዋል ስጠው!»

ቤቱ ከፍ አድርጎ «አሚን!» ሲል ኪቦርዱ ከጉልበቴ ተንሸራተተ። እጆቼ ሰማይ ላይ ስለነበሩ በክርኔ ያዝኩት። ክርኔ ያረፈው እርግጠኛ መሆኔን በሚያረጋግጠው ትልቁ ቁልፍ ላይ ነው።

«ወየው!» ብዬ ጮህኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ለቀስተኛው ጠዋት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረውን ነገር አገኘ። የቤቱ ወንድ ከጮኸ እንግዲህ ለቅሶው እውነት ነው። ጎረቤታችን «ወየው ወየው!» ብላ ተቀበለችኝ፣ ሴቶቹ ተነሱ፣ አንድ አባወራ ጋቢውን ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔ ሶኬት ይዤ፣ እነሱ ደረት እየመቱ፣ ቤቱ ተደባለቀ። ማስቆሚያም አልነበረው።

ያላለቀሰችው እናቴ ብቻ ናት። በመሀላቸው አልፋ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ምን አጠፋህ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አንዱን።»

«ሌላኛው ላይስ አለ?»

«መኖር አለበት።»

መኖር አለበት ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ግን ሙሉውን አልነገርኳትም። የተረፈው ዲስክ ከኩበቱ ከወጣ ጀምሮ አልፎ አልፎ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። ሰርቨሩም ዲስኩ እየታመመ እንደሆነ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። እኔ ሁለት አለኝ ብዬ ዝም አልኩት። አንድ ቤት ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ቤቱ የፈረሰ ቀን አብረው እንደሚያልቁ ለሌላ ሰው ሲሆን ነው የምናገረው። ፈራሁ። እንዲህ የፈራሁት አባቴ ሆስፒታል የገባ ጊዜ ብቻ ነው።

ሸሁ ነገሩን ሲረዱ አላፈሩም። «ስንት ነበሩ?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«አንዱ ቀረ?»

«አንዱ ቀረ።»

«አብሽር እንግዲያ። ዱአው ደርሷል። ባናደርግልህ ኖሮ አንተ ሁለቱንም ነበር የምታጠፋቸው።» ንፍሯቸውን ዘገኑ።

እናቴ የተረፈውን ዲስክ አስነቅላ ከእጄ ወሰደችው። በሻሽ ጠቀለለችው። ለቀስተኛው እስኪወጣ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች፤ የሚያፅናናት ሁሉ እሷንም ዲስኩንም እየዳበሰ ሄደ።

ሰኞ ወልድያ ወስጄ መሥሪያ ቤት ባለ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ልሞክረው አሰብኩ። እናቴ ለብቻዬ ልትልከኝ አልፈለገችም። «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን የጣልክ አንተ ነህ፤ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ» አለችና ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ረዳቱ ጥቅሉን ተቀብሎ ኋላ ሊያደርግላት እጁን ቢሰድ በጥፊ ልትለው ነበር። ሾፌሩ ጉድጓድ ሲዘል ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በሁለት እጇ አየር ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ መንገዱ ሲስተካከል ትቀመጣለች። ሾፌሩ በመስታወት አይቷት ፍጥነቱን ቀነሰላት። ተሳፋሪው እንቁላል መስሎታል።

ሲሪንቃን አልፈን ፍተሻ አስቆመን። ፈታሹ ወጣት ወደ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ «እናት፣ ምንድነው የያዙት?» አላት።

«ባለቤቴ ነው» አለችው።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጥቅሉ ዞረ። ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ዲስክ መሆኑን፣ በውስጡ የአባቴ ድምፅ እንዳለ፣ መበላሸቱንና ወልድያ እየወሰድነው እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ሻሹን ገለጥ አድርጎ ብረቱን አየና መልሶ ራሱ ሸፈነው። «ኢንሻአላህ ይሻለዋል፣ እናት» ብሎ አሳለፈን። እናቴ እስከ ወልድያ ድረስ መረቀችው።

መነኸሪያ ወርደን ባጃጅ ይዘን መሥሪያ ቤት የደረስነው ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ነው። ቢሮው ባዶ ነበር። እናቴን የአለቃዬ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ካለው ወንበር ሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። ዲስኩን ከሻሹ አወጣሁና ሰካሁት። ጤነኛው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሥርዓት ያው ያ አዲሱ ነው፤ አሮጌውን ዲስክ ያውቀው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዲስኩ መዞር ጀመረ። ቀጭ አለ። እናቴ «ምን አለ?» አለች። ምንም አልኳት። ደግሞ ቀጭ አለ።

ስክሪኑ ላይ ይህ ዲስክ የሌላ ማሽን ንብረት ነው፣ መንታውም አብሮት የለም፣ አልከፍተውም የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንዲህ ሲሆን በግድ ክፈተው የሚባል ትእዛዝ አለ። ያንን ትእዛዝ ጽፈህ የታመመ ዲስክ ላይ ከተሳሳትክ የተረፈውንም ትገድለዋለህ። ስለዚህ ክፈተው፣ ግን ምንም እንዳትጽፍበት፣ ለማየት ብቻ ብዬ ጻፍኩ። አንድም ፊደል እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ አልወርድ አለ።

እናቴ ወንበሩን በእግሯ እየገፋች አጠገቤ መጣች። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ከሞተ በኔ እጅ ነው የሚሞተው።»

«እስካሁንስ በማን እጅ ነበር?» አለች። «በለው።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ስሞቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሠርጉ፣ ፎቶው፣ ፊልሙ፣ ያ ሁሉ ኮተቴ፤ ከኮተቱ መሀል ደግሞ «ሐራ ገበያ» የሚል። መጀመሪያ ቅጂውን ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ፣ ከዚያ ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። ከዚያ ከፈትኩት።

የገበያው ጫጫታ መጣ። አህያ አናፋ። አባቴ ባዶው ቢሮ ውስጥ «ይቺ ፍየል ናት ወይስ የፍየል ፎቶ?» አለ።

እናቴ አልሳቀችም። ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች። እሁድ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን ሲመታ ዝም ያለች ሴትዮ፣ አባቴ ሻጩን ሲያስምለው፣ የፍየሏን ጥርስ ሲሰድብ፣ ጥሎ ሲሄድና ሲጠራ እንባዋ አልቆም አለ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ጌታን፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቅጂው ሲያልቅ አፍንጫዋን ጠረገች። «ደህና ፍየል ነበረች» አለች።

ዲስኩ ሳይሞት የቀረውን መገልበጥ ነበረብኝ። እኔ ስገለብጥ እሷ ስክሪኑ ላይ የሚያልፉትን ስሞች ማንበብ ስለማትችል ምን ምን እንደሆኑ ትጠይቀኛለች። ይሄ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው። ይሄ ኳስ ነው። ይሄስ? ይሄም ኳስ ነው። ኳሱ ብዙ ነበር።

«የኔስ አለ?» አለች።

«የምን?»

«የኔ ድምፅ።»

«ሞልቷል እንጂ!» አልኳት፣ እርግጠኛ ሆኜ። መፈለግ ጀመርኩ። ሠርጉን ከፈትኩ፤ ትሪ ተሸክማ ከኋላ ታልፋለች። የእህቴን ምርቃት ከፈትኩ፤ ለእንግዳ ውሃ ስትቀዳ ጀርባዋ ይታያል። የኢድ ቪዲዮዎችን በሙሉ ከፈትኩ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ ቸኮልኩ፣ ላብ ላበኝ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ካሜራው ወደሷ ሲዞር ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ስትናገር አገኘኋት። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«አጥፋው» ትላለች።

ሌላ የለም። ከዚያ ሁሉ ጎተራ ውስጥ የእናቴ ድምፅ ያ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ኳስ አስቀምጫለሁ። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሷ ግን አልተቀየመችኝም። ሻሿን አስተካከለች። ወንበሩ ላይ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

«እንግዲያ አብራው» አለች።

ስልኬን ፊቷ አቆምኩት። «ምን ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም የፈለግሽውን አልኳት። «ጀመረ?» ጀመረ አልኳት። «ቢስሚላህ» አለችና ጉሮሯን ጠረገች። «ይሄ ልጅ የሚሠራ ነገር አትንካ ስለው ነካ። ከትንሽነቱ ጀምሮ ጆሮ የለውም…» ብላ ጀመረችኝ። ቅዳሜን ጨርሳ እሁድ ላይ ስትደርስ አለቃዬ ከምሳ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። በእጄ ዝም በል፣ ወንበሩንም ተውላት የሚል ምልክት ሰጠሁት። እሷ ገና ወደ ልጅነቴ አልደረሰችም ነበር።